ያለ ኮምፒዩተር ለሕፃናት ስለሚሰጥ የኮዲንግ ትምህርት

ኮዲንግ ማለት ለኮምፒዩተር የሥራ ትእዛዝ በተራ በተራው መጻፍ ነው። ኮምፒዩተር ከታዘዘው በቀር ከራሱ የሚጨምረው ስለሌለ፥ ሕፃኑ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባው መሣሪያውን መነካካት ሳይሆን ትእዛዝን ያለ ጕድለት ማሰናዳት ነው። ስለዚህ መሣሪያ የሌለውን ልጅ ለዚህ ትምህርት እንዳልበቃ መቍጠር አይገባም። በኒው ዚላንድ ቲም ቤልና ባልደረቦቹ ይህንኑ በካርድና በጨዋታ ማስተማር ከጀመሩ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗል።

በጅዳ ለሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ግን ከካርድ የሚቀርብ ምሳሌ አለ፤ ይኸውም የዘመን አቈጣጠር ነው። በቤት የኢትዮጵያን፥ በደጅ የሂጅራን ይሰማሉና።

በመካ ስም «ኡም አል ቁራ» የሚባለው የሳዑዲ ዐረቢያ ቀን መቍጠሪያ ከ1423 ዓመተ ሂጅራ (1994 ዓ.ም.) ጀምሮ ወሩ በገባ በ29ኛው ቀን ሁለት ነገር ይመረምራል። ጨረቃ ከፀሐይ ጋር የተገጣጠመችው ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ነውን? በመካስ ጨረቃ የምትጠልቀው ከፀሐይ በኋላ ነውን? ሁለቱም «አዎን» ከሆኑ በማግስቱ አዲስ ወር ይገባል፤ አንዱ እንኳ ቢጐድል ወሩ 30 ይሞላል። (የረመዳንና የሐጅ ወራት ግን ጨረቃን በዓይን ባዩ ሰዎች ምስክርነት ይጸናሉ።) ኮድ ጸሐፊዎች «ከሆነ፥ ካልሆነ» የሚሉት ትእዛዝ ይህ ነው። የጅዳ ልጅ ፀሐይ በቀይ ባሕር ላይ ስትጠልቅ ስለሚያይ ጥያቄው ባዶ ቃል አይሆንበትም።

ባሕረ ሐሳብ ደግሞ ከዚህ ይሰፋል። በ2018 ዓ.ም. ላይ 5500 ሲደመር 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ከዚህ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝቶ ከ132 ላይ 30 እየገደፉ ሲሄዱ 12 ይቀራል፤ እርሱም አበቅቴ ነው። በ19 አባዝቶ ከ228 ላይ እንዲሁ ሲገድፉ መጥቅዕ 18 ይሆናል። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ነው፤ ቢያንስ ኖሮ በጥቅምት በሆነ ነበር። ልጁ «መግደፉን መቼ ላቁም?» ብሎ ከጠየቀ የድግግሞሽን ምሥጢር አገኘ፤ የቀረው ከ30 ሲያንስ ያቆማል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን፥ በእኔ አስተያየት፥ ማረሚያው ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልሞሉ ስሕተት አለ፤ ልጁም የተሳሳተበትን እስኪያገኝ እያንዳንዱን እርምጃ ወደ ኋላ ይመረምራል።

ትምህርቱን ለመፈተን አንዱ ልጅ አዛዥ፥ ሁለተኛው የተነገረውን ብቻ የሚፈጽም ኮምፒዩተር ይሁን። ከዚያም 2005 ዓ.ም. ይሰጣቸው። 7505 ለ19 ሲካፈል ምንም አይተርፍም፤ ታዛዡም 1 የሚቀንስበት አጥቶ ይቆማል። ያን ጊዜ አዛዡ «ምንም ባይተርፍ 19 እንደ ተረፈ ቍጠር» የሚል አዲስ ትእዛዝ መጻፍ ግድ ይሆንበታል፤ ወንበሩም 18 ይወጣል።