ቆሞ የሚሮጥ ሰውና የዓይኑ ስሌት

በመናኸሪያ ተሳፍረን የመነሻ ሰዓታችንን ስንጠባበቅ፣ በጎናችን የቆመው አውቶቡስ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሲሄድ የተንቀሳቀስን እኛ መስሎን ወንበራችንን ያዝ ያደረግንበት ጊዜ ለብዙዎቻችን የሚታወስ ነው። መሬቱን ወይም ግንቡን አይተን ስሕተታችንን እስክናርም ድረስ ሰውነታችን በእርግጥ የተጓዘ ያህል ይሰማዋል። መሄዳችንን የሚነግረን እግራችን ብቻ አይደለም፤ ዓይናችንም ጭምር ነው።

ይህን ነገር ዛሬ እንድናነሣ ያደረጉን አንዲት እናት ናቸው። ባለቤታቸው ከሁለት ዓመት በፊት በስትሮክ ምክንያት የግራ ጎናቸው ስለ ደከመ፣ ሐኪም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንዲራመዱ አዞላቸዋል። በውጭ አገር የሚኖረው ልጃቸውም፣ አባቱ በቤት ውስጥ መራመድ እንዳይሰለቻቸው ብሎ፣ የመራመጃ ማሽንና ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባለውን ዓይን ሸፋኝ መነጽር ገዝቶ ላከላቸው። ይህን መነጽር ያሰረ ሰው የሳሎኑን ግድግዳ አያይም። በፊቱ የሐይቅ ዳር መንገድ ተዘርግቶ ይታየዋል፤ በተራመደም ቍጥር ዛፉና ሣሩ ወደ ኋላው ያልፋል። ልጁ በበዓል መጥቶ የሥዕሉን ፍጥነት ከማሽኑ ፍጥነት ጋር በትክክል አስተካክሎላቸው ሳለ፣ አባት ግን «ይህ መንገድ እኮ አይሄድም፤ ማሽኑን ጨምሩልኝ» ማለትን አበዙ። እናትም፣ «ዓይናቸው ደክሞ ይሆን? ወይስ በሽታው አእምሯቸውን ነክቶት?» ሲሉ ጠየቁን።

ለእኚህ እናት በመጀመሪያ ልንነግራቸው የምንወደው፣ የዚህ ዓይነቱ ነገር በጤነኞችም ላይ የሚደርስ መሆኑን ነው። በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ባንተንና ባልደረቦቻቸው በ2005 ዓ.ም. (ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ባወጡት ጥናት፣ ሰዎችን መነጽር አሥረው በመራመጃ ማሽን ላይ አስኬዷቸው። ሥዕሉና እርምጃው እኩል ሲሆኑ፣ ፊት ለፊት የሚመለከቱት ተራማጆች ሥዕሉ የዘገየ ሆኖ ታያቸው። ከእርምጃቸው ጋር የተስማማ እንዲመስላቸው ሥዕሉ ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ መሄድ ነበረበት። የሚያስደንቀው ግን፣ እነዚሁ ሰዎች ወደ እግራቸው ወይም ወደ ጎን እንዲመለከቱ በተደረገ ጊዜ ስሕተቱ ታረመ።

ምክንያቱን ለማግኘት በመኪና መስኮት ማየት ይበቃል። ከፊት ያለው ተራራ ለረጅም ጊዜ በቦታው የቆመ ይመስላል፤ በመንገዱ ዳር ያለው ድንጋይ ግን እንደ ተወረወረ ሆኖ ያልፋል። ጄምስ ጊብሰን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ ስንጓዝ በዓይናችን ላይ አንድ ታላቅ ፍሰት ይፈስሳል። ወደምንሄድበት ነጥብ አጠገብ ፍሰቱ እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ በጎናችንና በእግራችን ሥር ግን ፈጣን ነው። የሰው ዓይን ወደ ጎን 200 ዲግሪ ገደማ ሲያይ፣ በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ መነጽሮች የሚያሳዩት 100 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ መነጽሩ የሚነጥቀን ፈጣኑን የፍሰቱን ክፍል ነው ማለት ነው።

ነገሩ ግን በዚህ ብቻ አያበቃም። የስዋርትሞር ኮሌጁ ፍራንክ ደርጊንና ጓደኞቹ በዚያው በ2005 እንዳሳዩት፣ የሚራመድ ሰው አንድን የሚንቀሳቀስ ሥዕል ቆሞ ከሚያየው ሰው ይልቅ አዝግሞ ያየዋል። ቅቤ የምትሸጥ ሴት ቅቤውን ከነቅሉ መዝና የቅሉን ክብደት እንደምትቀንስ ሁሉ፣ አእምሮም ከሚታየው ፍጥነት ላይ የራሱን የእግሩን ድርሻ ይቀንሳል። ለምን ቢባል፣ እግር ሲራመድ መንገድ ወደ ኋላ መሄዱ የታወቀ ነገር ስለ ሆነ አዲስ ወሬ አይደለም፤ አዲስ ወሬ የሚሆነው የተረፈው ነው። እንግሊዛዊው ሆራስ ባርሎው አስቀድሞ ያቀረበው አሳብ ይህን የመሰለ ነበረ፤ ዘወትር አብረው የሚመጡ ሁለት ስሜቶች አንዱ ሌላውን ያሳንሰዋል፤ በዚህም በመካከላቸው የሚፈጠረው ትንሽ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። እኛም ይህን ስናነብ የዓይንን ስሕተት ስሕተት ብሎ መጥራት አሳፈረን።

ይህ የቅነሳ ስሌት ግን በልማድ የሚሠራ ስለ ሆነ ልማዱ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል። ባርሎውና አዳር ፔላህ በ1996 እንደ ጻፉት፣ በመሮጫ ማሽን ላይ ቆይቶ የወረደ ሰው በመሬት ላይ ሲራመድ ለጥቂት ደቂቃዎች ከወትሮው ይልቅ በፍጥነት የሚሄድ ይመስለዋል። እግሩ እየሮጠ ግድግዳው ግን አልንቀሳቀስ ብሎት ስለ ቆየ ስሌቱ ተዛብቷል። ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1995፣ ሪዘርና ባልደረቦቹ በዚያው በአሜሪካ ከዚህ የበለጠ አስቂኝ የሚመስል ነገር አደረጉ። የመራመጃ ማሽኑን በተጎታች ላይ ጭነው በትራክተር አስጎተቱት! ሰውዬው በማሽኑ ላይ በአንድ ፍጥነት ሲራመድ ትራክተሩ በሌላ ፍጥነት ይጎትተዋል። ከዚያም አንድ ምልክት አሳይተውት፣ ዓይኑን ሸፍነው ወደ ምልክቱ እንዲሄድ አዘዙት። ትራክተሩ ከእርምጃው ቀርፎ የነበረበት ሰው ምልክቱን አልፎ ሄደ፤ ትራክተሩ የቀደመበት ግን ሳይደርስ ቆመ። እግር የእርምጃዋን ዋጋ የምትማረው ከዓይን መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አላገኘንም።

ወደ ታማሚው አባት እንመለስ። ዓይን እግርን የሚያዝዝ ከሆነ ሐኪም በዓይን በኩል እግርን ማገዝ ይችል ይሆን? ፕሮኮፕና ባልደረቦቹ በ1997 እንዳዩት፣ ፍጥነታቸውን ሳይለውጡ እንዲራመዱ የታዘዙ ሰዎች እንኳ በፊታቸው ያለው ሥዕል ሲፈጥን ዝግ አሉ፤ ሥዕሉ ሲዘገይም ፈጠን አሉ። በካናዳ ላሞንታኝና ባልደረቦቿ በ2007 ስትሮክ ያገኛቸውን ሰዎች ከጤነኞች ጋር አስተያይተው እንደ ጻፉት፣ ታማሚዎቹም የሥዕሉ ፍጥነት ሲለወጥ እርምጃቸውን ይለውጣሉ። «አይሄድም» ተብሎ የተማረሩበት ዘገምተኛ መንገድ፣ በባለሙያ እጅ ሲሆን፣ የደከመን እግር የሚያነቃቃ መሣሪያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በዚህ ሙከራ ላይ ማሽኑ የሰውዬውን እርምጃ ይከተል ነበረ እንጂ ሰውዬውን አይጎትተውም ነበረ።

እዚህ ላይ ሳንሸፋፍን እንናገራለን። በሳሎን ያለው ማሽን በራሱ ሞተር የሚሄድ ስለ ሆነ የሰውን ድካም አያውቅም። መንገዱ ዘገየ ብሎ ማሽኑን መጨመር፣ ዓይኑ ተሸፍኖ መደገፊያውን የማያይና አንድ ጎኑ የደከመ ሰው እንዲወድቅ ማድረግ ነው። ስለዚህ ለእናት እንዲህ አልናቸው፦ ሐኪሙ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሳይፈቅድ መነጽሩ በማሽኑ ላይ አይታሰር። ከፈቀደም ሰው ከአጠገባቸው አይለይ፤ ማቆሚያው ገመድ በልብሳቸው ላይ ይያያዝ፤ ማቅለሽለሽ ከጀመራቸው ወዲያውኑ ይወልቅ። ከማሽኑ ሲወርዱ ደግሞ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ደጅ ለመውጣት አይቸኵሉ።

እናትም ባለሙያውን አማክረው ቆይተው ተመልሰው ጠሩን። ባለሙያው መጥቶ አይቶ ማሽኑን ከቀድሞው ዝቅ አድርጎታል፤ ልጃቸው በቀኝ ትቆማለች። አባት አሁን የሐይቁን ማዶ ትተው በመንገዱ ዳር ያሉትን ድንጋዮች ይመለከታሉ፤ «አሁንስ ይሄዳል» ማለት ጀምረዋል። የቀራቸው ቅሬታ ያን ሁሉ ሐይቅ እያዩ አንድም ዓሣ አጥማጅ አለማግኘታቸው ነው።