የፖሊስታይሪን ፍሬ መጠን በምን ይወሰናል?

ነጩ የፎም ሣጥን የሚሠራበት የፖሊስታይሪን ፍሬ መጠኑ የሚወሰነው በመማሰያው ፍጥነት ብቻ እንደ ሆነ፣ ሞተሩን ያፈጠነም ሁሉ እንደ ልቡ ደቃቅ ፍሬ እንደሚያገኝ የሚያትት ጽሑፍ ሰሞኑን በጋዜጣ ታትሞ ባነበብሁ ጊዜ፣ ጸሐፊው የነገሩን እኩሌታ ብቻ ይዞ መሮጡ አሳዘነኝ።

ስታይሪን ከውኃ ጋር የማይዋሐድ ፈሳሽ ነውና በጋን ውስጥ ሲማሰል በጠብታ ይበተናል፤ በውስጡ የሟሟው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድም ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ሲፈርስ ሞለኪውሎቹ መያያዝ ይጀምራሉ፣ ጠብታውም ጠንክሮ ፍሬ ይሆናል። ይህን ማንኛውም የኬሚስትሪ ተማሪ ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ።

መማሰል ጠብታን እንደሚሰነጥቅ አልክድም። ሂንዘ የተባለው የሆላንድ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1955 ካሳተመው ስሌት የሚወጣው ቀመር፣ የመማሰያው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የጠብታው ስፋት ከእኩሌታ በታች እንደሚወርድ ያሳያል። ነገር ግን ቀመሩ ጠብታዎቹን ጥቂቶች፣ ተራርቀው የሚዋኙና ተጋጭተው የማይዋሐዱ አድርጎ የሚቆጥር ሲሆን፣ በፋብሪካ ጋን ግን ጠብታው እጅግ የበዛ ከመሆኑም በላይ ሰዓት በሰዓት እየወፈረ ስለሚሄድ፣ ስለ ትክክለኛው ቁጥር በእኛ በባለሙያዎቹ መካከል ያለው ክርክር ዛሬም አልበረደም፤ እኔም ብሆን ለአንዱ ጋን የሠራው ለሌላው ይሠራል ብዬ አልምልም።

ወተት የናጠች ባልቴት እንደምታውቀው፣ ቅሉ በተወዘወዘ ቁጥር ስቡ እየተጋጨ ይያያዛል እንጂ አይደቅም። ስታይሪኑም ሩብ ያህሉ ከተለወጠበት ጊዜ አንሥቶ ሦስት ሩቡ እስኪለወጥ ድረስ ጠብታው ዝልግልግና ተጣባቂ ስለሚሆን፣ በዚያ ሰዓት መማሰያው ቢቆም ወይም ጠብታዎቹ እንዳይዋሐዱ የሚጨመረው ማረጋጊያ ቢያንስ፣ የጋኑ ይዘት ሁሉ አንድ ድፍን ጓል ሆኖ በመሮና በመዶሻ ተፈልፍሎ ይወጣል።

እንግዲህ ዋናው ሥልጣን የማረጋጊያው ነው። ትራይካልሲየም ፎስፌት የተባለው እጅግ የላመ ዱቄት ከውኃውና ከስታይሪኑ ድንበር ላይ ተቀምጦ ጠብታን ከጠብታ ይከላከላል፤ ዱቄቱ በላመና በበዛ መጠን የሚሸፍነው ገጽ ስለሚሰፋ፣ ብዙ ደቃቅ ጠብታዎች ሳይዋሐዱ ሊቆዩ ይችላሉ። ሥራው ሲፈጸም ፍሬው በአሲድ ይታጠባል፣ ዱቄቱም ይሟሟል። ያም ሁሉ ተደርጎ ፍሬዎቹ እኩል አይሆኑምና በወንፊት ይለያሉ፤ ደቃቆቹ ለመጠጫ ኩባያ፣ ተለቅ ያሉትም ሙቀትና ብርድ ለሚከለክለው የግድግዳ ሰሌዳ ይውላሉ።