«ዚ-28 ነው» ሲሏችሁ ሞተሩን እዩ

የ1969 (እ.ኤ.አ.) ካማሮ ዚ-28 ለእኛ ለኒው አልባኒና ለኮለምበስ ሰዎች የሩቅ ዕቃ አይደለም። ብዙው የተገጣጠመው እዚሁ ኦሃዮ፣ ሲንሲናቲ አጠገብ በነበረው የኖርውድ ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካው በ1987 ተዘግቷል። መኪናው የተወለደው ለትራንስ-አም ውድድር ነው። ውድድሩ የሚፈቅደው የሞተር መጠን ጣሪያ 305 ኪዩቢክ ኢንች ስለነበር ሸቭሮሌ 302 የሆነ ሞተር አበጀለት። ዛሬ ከተራው ካማሮ እጅግ ስለሚወደድ፣ ተራውን በምልክትና በመስመር አስጊጦ «ዚ-28» ብሎ መሸጥ የተለመደ ሆኗል።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው በሻንሲ ቁጥሩ ተማምኖ ነው። ቁጥሩ በ124379ኤን ይጀምራል እንበል። 1 ሸቭሮሌ፣ 24 ባለ ስምንት ሲሊንደር ካማሮ፣ 37 ባለ ሁለት በር፣ 9 የ1969 ሞዴል፣ ኤን ደግሞ ኖርውድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ተራ ቁጥር ብቻ ነው። ዚ-28 ይሁን አይሁን አንድም ፊደል አይናገርም። የአገራችን ሊብሬ የሞተር ቁጥር ይይዛል፤ እዚህ ግን ታይትሉ ላይ የሚሰፍረው የሻንሲ ቁጥር ነው። «ታይትሉ ንጹሕ ነው» ማለት መኪናው የማን እንደሆነ ይነግራችኋል፤ የቱ ሞተር እንደነበረው አይነግራችሁም።

ምስክሩ ያለው ሞተሩ ላይ ነው። ከፊት፣ በተሳፋሪው በኩል፣ ሞኖብሎኩ ከቴስታታው ወጣ ያለበት ጠባብ ገጽ አለ። ዲናሞው ስለሚጋርደው የእጅ ባትሪና ትንሽ መስታወት ያስፈልጋል። እዚያ «ቪ0119ዲዚ» የሚል ብታገኙ፣ ቪ የሚሺጋኑ የፍሊንት ሞተር ፋብሪካ፣ 0119 ጃንዋሪ 19፣ ዲዚ ደግሞ የ1969ኙ 302 ነው። መኪናው ሲገጣጠም ደግሞ ኖርውድ በ«19ኤን» የሚጀምር የሻንሲውን ተራ ቁጥር ይመታበት ነበር፤ አንዳንዴም ከዘይት ፊልትሮው አጠገብ ይገኛል። ሁለቱ ጽሑፎች በተለያየ ከተማ፣ በተለያየ እጅ የተመቱ ናቸው። አቀማመጣቸውና የፊደላቸው ቅርጽ ፍጹም አንድ ከሆነ ጠርጥሩ።

ከቁጥሩ በላይ የማምነው ግን የገጹን ብረት ነው። ፍሊንት ያንን ገጽ ያስተካክል የነበረው ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚልግ ግዙፍ መቁረጫ ስለነበር፣ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጉ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ይቀራሉ። ሞተሩ ሲታደስ ገጹ እንደገና ከተላገ መስመሩም ቁጥሩም አብረው ይጠፋሉ። ቁጥሩን መልሶ ለመምታት መዶሻ ይበቃል፤ መስመሮቹን አስመስሎ መመለስ ግን እጅግ ከባድ ነው።

አንድ ወጣት ሊገዛ ያሰበውን መኪና ሊያሳየኝ እዚሁ ሰፈር አንድ ጋራዥ ወስዶኝ «ጋሼ፣ ቁጥሩ እኮ ገጥሟል!» አለኝ። ባትሪውን ሳበራበት ገጹ ተወልውሎ ያብለጨልጫል፤ አንድም መስመር የለው። «ልጄ፣ ቁጥሩ ትናንት የተመታ ነው፤ ሻጩ በተራ ካማሮ ዋጋ ካልሸጠልህ ተወው» አልኩት።

ቀኖቹንም አስተያዩ። መጀመሪያ ሞኖብሎኩ ይፈሳል፣ ከዚያ ሞተሩ ይገጣጠማል፣ ከዚያ ቦዲው ይሠራል። ቦዲው ላይ ያለው የፋብሪካ ሰሌዳ «02ቢ» ካለ የፌብሩዋሪ ሁለተኛ ሳምንት ነው፤ የጃንዋሪ 19 ሞተር ይስማማዋል፣ የኤፕሪል ሞተር ግን አብሮት አልተወለደም። ከ1968 መጨረሻ ጀምሮ ኖርውድ በዚያው ሰሌዳ ላይ ዚ-28ን በኤክስ 33 ወይም በኤክስ 77 ያመለክት ነበር። ሰሌዳው ራሱ ግን ተመስሎ ተሠርቶ ስለሚሸጥ ብቻውን አይበቃም። ከሰልባትዮው ላይ ወይም ከወንበር ሥር የፋብሪካ ትእዛዝ ወረቀት የተገኘበት ጊዜም አለ። አሮጌ ወረቀት ነው ብላችሁ እንዳትጥሉት!

ሞተሩ የተቀየረ ዚ-28 የሚያሳፍር መኪና አይደለም፤ ለውድድር የታሰበ ሞተር ቢፈነዳ አይገርምም። የሚያሳፍረው መዶሻ አንስቶ ታሪኩን መደለዝ ነው። መኪናችሁን ለእድሳት ስታስገቡ አስቀድማችሁ ያንን ገጽ ፎቶ አንሱ፣ መካኒኩም እንዳይልገው በጽሑፍ አስታውቁት። አንዴ ከተላገ የሚመልሰው ገንዘብ የለም።