ስህተትን የሚያስደብቅ ቅጣት

እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በአሜሪካ ናሽቪል፣ በቫንደርቢልት ሆስፒታል አንዲት ነርስ ማረጋጊያ መድኃኒት ስትፈልግ የመድኃኒት ማሽኑ ላይ የስሙን ሁለት የመጀመሪያ ፊደሎች ጻፈች። ማሽኑ ያወጣላት ግን ጡንቻን ሽባ የሚያደርገውን ቬኩሮኒየም ነበር። የብልቃጡን ማስጠንቀቂያ ሳታስተውል የ75 ዓመቷን ታካሚ ወጋቻቸው፤ ታካሚዋም ሞቱ። ስህተቷን ሳትደብቅ ተናገረች፤ በ2022 ግን በወንጀል ጥፋተኛ ተብላ የሦስት ዓመት አመክሮ ተፈረደባት።

ሕይወት ጠፍቶ እንዴት በዝምታ ይታለፋል የሚል ሰው እውነት አለው። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና ታካሚውን ማረጋገጥ የነርስ ግዴታ ነው፤ አውቆ ቸል ያለ ይጠየቅ። ነገር ግን የተናገረ ሁሉ ወህኒ የሚታየው ከሆነ ቀጣዩ ነርስ አፉን ይይዛል፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ጥያቄው በነርሷ አይቁም፤ ማሽኑን ያለ በቂ መቆጣጠሪያ የተወው ሆስፒታልም መልስ ይስጥ።