ሥዕል አእምሮን ይለካልን?

ንባባችሁን ከመቀጠላችሁ በፊት እርሳስና አንድ ቁራጭ ወረቀት ፈልጉ። በወረቀቱ ላይ ሦስት ረድፍ፥ በያንዳንዱም ረድፍ ሦስት ሳጥን ሥሩ፤ ጠቅላላው ዘጠኝ ሳጥን ይሆናል። ከላይኛው ረድፍ በመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ አንድ ክብና አንድ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር፥ በሁለተኛው ውስጥ አንድ ክብና አንድ የተጋደመ መስመር፥ በሦስተኛው ውስጥ ግን የቆመውንና የተጋደመውን መስመር ብቻ ሣሉ። በመካከለኛው ረድፍ መጀመሪያ ሦስት ማዕዘንና ነጥብ፥ ቀጥሎ ሦስት ማዕዘንና የተጋደመ መስመር፥ በመጨረሻም ነጥብና የተጋደመ መስመር አድርጉ። በታችኛው ረድፍ መጀመሪያ ክብና ነጥብ፥ ቀጥሎ ነጥብና ሦስት ማዕዘን ይሁን። ዘጠነኛው ሳጥን ባዶ ነው። በእርሱ ውስጥ ምን መግባት አለበት? መልሱን በጽሑፉ መጨረሻ ታገኙታላችሁ፤ አሁን ግን ወደ ታች አትመልከቱ።

እንዲህ ያለውን እንቆቅልሽ የአእምሮ መለኪያ አድርጎ በዓለም ያሠራጨው ጆን ካርላይል ሬቨን የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1930ዎቹ ዓመታት ላይኦነል ፔንሮዝ የተባለ ሐኪም በኮልቼስተር ከተማ የአእምሮ ዝግመት ያለባቸውን 1,280 ሰዎች ሲያጠና ሬቨን አብሮት ይሠራ ነበር። የሥራው ድርሻ የሕሙማኑን ወላጆችና ወንድም እኅቶች መፈተን ነበርና በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ ይዞር ነበር። በዚያን ጊዜ የነበሩት ፈተናዎች ረዣዥሞች፥ ዕቃቸው የበዛ፥ ለውጤታቸውም ፍች መስጠት የሚያስቸግር ነበሩ። ጫጫታ በሞላበት ቤት ተቀምጦ ያን ሁሉ ማከናወን ምን ያህል እንደሚያታክት መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ሬቨን ቃል የማይጠይቅ፥ ማንም ሰው በጣቱ እያመለከተ ሊመልሰው የሚችል አንድ ፈተና ሠርቶ በ1938 አሳተመ። ስሙም ፕሮግረሲቭ ማትሪሲስ ይባላል።

ፈተናው 60 ጥያቄዎች አሉት፤ እነርሱም አምስት ክፍል ሆነው በያንዳንዱ 12 ጥያቄ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ እጅግ ቀላል ናቸው። ከነጠላ ጥለት ላይ አንድ ቁራጭ በመቀስ ቈርጣችሁ ብታወጡና ከቀረቡት ስድስት ቁራጮች መካከል የትኛው ክፍቱን እንደሚሞላ ብትጠየቁ ነገሩ ከዚህ አይለይም። እየቀጠለ ሲሄድ ግን ጥለቱ ይቀርና እላይ እንደ ሣላችሁት ያለ የሳጥን ረድፍ ይመጣል፤ ምርጫውም ስምንት ይሆናል። በአንዱ ጥያቄ ቅርጹ ይጨመራል፥ በሌላው ይቀነሳል፥ በሌላው ይዞራል፤ በመጨረሻዎቹ ደግሞ ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይደራረባል። ሰው ከዚህ ሲደርስ የሚደናቀፈው ሕጉን ማየት አቅቶት ብቻ አይደለም፤ አንዱን ሕግ በልቡ ይዞ ሁለተኛውን ሲፈልግ የመጀመሪያው ስለሚያመልጠው ጭምር ነው። ቀላሉ ጥያቄ ለከባዱ መንገድ እንዲያሳይ ሆኖ በመሰናዳቱም ፈታኙ ዝም ቢል እንኳ ፈተናው ራሱ ያስተምራል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሥዕል ለምን ተመረጠ ትሉ ይሆናል። ከዚያ ቀደም የነበረውን ብታዩ አትደነቁም። በ1917 አሜሪካ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ ሮበርት ዬርክስና ባልደረቦቹ ከ1 ሚሊዮን 700 ሺህ የሚበልጡ ምልምሎችን ፈትነዋል። እንግሊዝኛ ማንበብ ለሚችሉት በተሰጠው ወረቀት ላይ አንድ የንግድ ስም ተጠቅሶ ምግብ ነው ወይስ የጥርስ ሳሙና የሚል ጥያቄ ይገኝ ነበር። ማንበብ ለማይችሉት በሥዕል የተዘጋጀው ደግሞ የቴኒስ ሜዳ አሳይቶ የጐደለውን ሙሉ ይላል፤ የጐደለውም መረቡ ነው። ቴኒስ የሚሉትን ጨዋታ በዐይኑ አይቶ የማያውቅ ከጣሊያን ገጠር የፈለሰ ገበሬ ይህን በማሳቱ ደንቈሮ ተባለ ማለት ነው። እንግዲህ ሬቨን የገበያ ዕቃንም ጨዋታንም ትቶ ክብና መስመር ብቻ መያዙ ትልቅ እርምጃ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ምልምሎቹን በዚሁ ፈትኗል፤ ለማይሰሙና የአገሩን ቋንቋ ለማያውቁ ሰዎችም እስከ ዛሬ ይጠቅማል።

ነገር ግን ክብ ለሁሉ ሰው ክብ ነውን? በ1931 እና በ1932 አሌክሳንደር ሉሪያ የተባለው የሩስያ ሊቅ ወደ ኡዝቤኪስታን ወርዶ ትምህርት ቤት ላልገቡ የገጠር ሰዎች እንዲህ ያሉ ቅርጾችን አሳይቶ ነበር። የተማሩት ክብ፥ ሦስት ማዕዘን፥ አራት ማዕዘን እያሉ ሲጠሩ ያልተማሩት ግን ክቡን ሳሕን፥ ወንፊት ወይም ጨረቃ፥ ሦስት ማዕዘኑን ክታብ፥ አራት ማዕዘኑን መስተዋት ወይም በር አሉት። ይህ ስሕተት አይደለም። በኑሮ ውስጥ ባዶ ክብ የለም፤ ያለው ወንፊት ነው። ነገር ግን ወንፊትን ከጨረቃ ጋር በአንድ ረድፍ አቁሞ ሕግ ፈልግ ቢሉት ሰውዬው ምን ይበል?

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሒሳብ ውድድር 12 ተማሪዎች መርጬ እንዳቀርብ ታዘዝሁ። ማርክ ያዳላል፥ ሥዕል ግን ለማንም አያዳላም ብዬ 20 ጥያቄዎች በገዛ እጄ ሥዬ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አደልሁ። በኮሌጅ ስለ ሬቨን ስለ ተማርሁ ነገሩን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ከገጠር መጥቶ በዘመድ ቤት የሚኖር አንድ ልጅ ከ20 አራት አገኘ። ስሙን ሰርዤ ዝርዝሩን አስተላለፍሁ። ወረቀቱን በመለስሁ ዕለት ልጁ በዕረፍት ሰዓት ተከትሎኝ መጣና፥ «ቲቸር፥ የሚያምረውን ምረጡ ያሉን መስሎኝ ነው» አለኝ።

አፈርሁ። ለካስ አንድ ምሳሌ እንኳ አልሰጠሁም፤ ከቀላሉም አልጀመርሁም። ከመምህራን ክፍል አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አብረን ተቀምጠን ሁለት ጥያቄ በዝግታ ሠራን። በማግሥቱ አይቷቸው የማያውቃቸውን ሌላ 20 ጥያቄዎች ሰጠሁት፤ 15 አገኘ። በአንድ ሌሊት አእምሮ አላበቀለም። የተጠየቀውን ነገር ዐወቀ እንጂ። ስሙ እንዲጨመር ብጠይቅ ጊዜው አልፏል ተባልሁ፤ ዐሥራ ሁለቱ በአውቶቡስ ሲሄዱ እርሱ በክፍል ቀረ።

እኔ በአንድ ቀን ያየሁትን የሚመስል ነገር በአገር መጠን ያየ ሰው አለ። በኒው ዚላንድ በኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጄምስ ፍሊን በ1987 ባወጣው ጽሑፍ የ14 አገሮችን ውጤት መርምሯል። የሆላንድ ወጣቶች ለውትድርና ሲመዘገቡ ከሬቨን በተወሰዱ 40 ጥያቄዎች ይፈተኑ ነበር፤ ከ1952 እስከ 1982 ባለው የ30 ዓመት ጊዜ ውስጥ ውጤታቸው በአይ ኪው ሚዛን በ20 ነጥብ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። መካከለኛው ሰው 100 በሚሆንበት ሚዛን 20 ነጥብ እጅግ ብዙ ነው። ልጆች አባቶቻቸውን በተፈጥሮ ይህን ያህል በለጡ ብሎ የሚያምን የለም። ፍሊን ራሱ፥ ትምህርትና የዘመኑ ሥራ ሰዎችን በሌለ ነገር ላይ ማሰብን፥ ቅርጽን ከዕቃ መለየትን አስለመዳቸው ይላል፤ የሉሪያንም ገበሬዎች ለምስክርነት ይጠራል።

ወደ እኛ የሚቀርብ ሌላ ማስረጃም አለ። በእስራኤል የባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ መምህር ዴቪድ ጹሪኤል ከካውፍማን ጋር ሆኖ በ1999 ባሳተመው ጥናት ከኢትዮጵያ የገቡ የአንደኛ ክፍል ልጆችን እዚያው ከተወለዱት ጋር አስተያይቷል። ለሕፃናት በቀለም በተዘጋጀው የሬቨን ፈተና የኛዎቹ ዝቅ ብለው ተገኙ። ቀጥሎ በሌሎች ፈተናዎች መጀመሪያ ተለኩ፥ ከዚያ አሠራሩን ተማሩ፥ እንደ ገና ተለኩ። በዚህን ጊዜ ከሌሎቹ የበለጠ የተሻሻሉት እነርሱ ነበሩ፤ ልዩነቱም ጠበበ። በመጀመሪያው ቍጥር ብቻ ተፈርዶባቸው ቢሆን ኖሮ ወደ የትኛው ክፍል ይላኩ እንደ ነበር አስቡ።

እንግዲህ ፈተናው ከንቱ ነው አልልም። ሕግ ያልተነገረበትን ነገር አይቶ ሕጉን ማውጣት ታላቅ ችሎታ ነው፤ ሬቨንም ይህን ከሌሎች ፈተናዎች አሻሽሎ ይለካል። የምለው፥ ሁለት ሰዎች በእኩል የሚለኩት ጥያቄው ለሁለቱም እኩል ሲገባቸው ብቻ መሆኑን ነው። በስልካችሁ ላይ በዐሥር ደቂቃ አይ ኪውአችሁን እንነግራችኋለን የሚሉትንማ ተዉአቸው። ለሥራ ወይም ለትምህርት ዕድል እንዲህ ያለ ወረቀት ሲቀርብላችሁ ግን ቀድማችሁ ጥቂት ምሳሌ ሠርታችሁ ሂዱ፤ ማጭበርበር አይደለም። ሥዕሉንም በጅምላ አትዩት፤ አንዱን ነገር ብቻ፥ ለምሳሌ መስመሩን፥ ከግራ ወደ ቀኝ ተከተሉና ከዚያ ወደ ክቡ ተመለሱ።

አሁን ወደ ወረቀታችሁ። በያንዳንዱ ረድፍ በሁለቱም ሳጥኖች ያለው ነገር ይጠፋል፥ በአንዱ ብቻ ያለው ወደ ሦስተኛው ያልፋል። በታችኛው ረድፍ ነጥቡ በሁለቱም ስላለ ይጠፋል፤ ስለዚህ በዘጠነኛው ሳጥን የሚገቡት ክብና ሦስት ማዕዘን ናቸው።