ልጓሙን የሚፈታው ሕክምና፦ የካንሰር ኢሚውኖቴራፒ ምን ይሠራል? የትስ ላይ ይቆማል?

በትራኮማ መከላከል ሥራው በአማራ ክልል ገጠሮች ጭምር የሚታወቀውን የካርተር ማዕከል የመሠረቱት የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር፣ እ.አ.አ በኦገስት 2015 ካንሰራቸው ወደ ጉበትና ወደ አንጎል መዛመቱን ለሕዝብ ሲናገሩ የ90 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ሜላኖማ የተሰኘው ይህ የካንሰር ዓይነት እዚህ ደረጃ ከደረሰ፣ ቀደም ባሉት ዓመታት ለታማሚው የሚተወው ጊዜ በአብዛኛው በወራት የሚቆጠር ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ግን ካርተር በምርመራ የካንሰር ምልክት እንዳልተገኘባቸው አስታወቁ፤ ያረፉትም እ.አ.አ በ2024 መጨረሻ፣ 100 ዓመት ከደፈኑ በኋላ ነው። ቀዶ ሕክምናና የጨረር ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ከእነዚህ ጋር የተሰጣቸው ፔምብሮሊዙማብ የተባለ መድኃኒት ግን ኢሚውኖቴራፒ የሚለውን ቃል ከሐኪሞች ክበብ አውጥቶ ወደ ብዙ ቤት አስገብቷል።

ቃሉ በተሰማበት ሁሉ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ አብሮት ይጓዛል። «የበሽታ መከላከል አቅምን ማሳደግ» ተብሎ ስለሚተረጎም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የሽፈራው ቅጠል ወይም በጠርሙስ የሚሸጥ ቅመም ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። አይሠራም። የብዙ የካንሰር ታማሚዎች ችግር የመከላከያው መድከም ብቻ ሳይሆን መታሰሩም ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ባዕድ የሆነን ወይም የተበላሸን ሕዋስ ለይተው ይገድላሉ። ያለ ገደብ ቢለቀቁ ግን የራስን አካል ያጠቃሉ፤ ስለዚህ ተፈጥሮ በላያቸው ላይ ልጓም አድርጋለች። ካንሰር ይህን ልጓም ለራሱ ጥቅም ያውለዋል። ቲ ሴሉ ሊያጠቃው ሲቀርብ «የቤተሰብ ነኝ» የሚል ዓይነት ምልክት ያሳየዋል፣ ልጓሙን ይስብበታል፣ ቲ ሴሉም ይቆማል። ፔምብሮሊዙማብና መሰሎቹ ካንሰሩን በቀጥታ አይመርዙም፤ ምልክቱ ከልጓሙ ጋር እንዳይገናኝ መሐል ገብተው ይዘጋሉ። የሚገድለው የታማሚው የገዛ ሕዋስ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዊልያም ኮሊ የተባለ የኒው ዮርክ ቀዶ ሐኪም እ.አ.አ በ1891 ባክቴሪያ በታማሚ እባጭ ውስጥ በመርፌ አስገብቶ የሰውነትን ቁጣ ለመቀስቀስ ሞክሯል። አንዳንዶቹ ዳኑ፤ ውጤቱ ግን አስቀድሞ የሚገመት አልነበረም፣ የሚሠራበትን መንገድም የሚያስረዳ አልተገኘም። ማብራሪያው አንድ ምዕተ ዓመት ፈጀ። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ሲቲኤልኤ-4 እና ፒዲ-1 በተባሉት ሁለት ልጓሞች ላይ በየፊናቸው ሠርተው እ.አ.አ በ2018 የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2011 ነበር።

የካርተር ታሪክ ተስፋ የሚሰጠውን ያህል ሊያሳስትም ይችላል። መድኃኒቱ ለብዙ ታማሚዎች ጨርሶ አይሠራም። ሜላኖማና አንዳንድ የሳንባ ካንሰሮች በደንብ ሲመልሱ፣ የቆሽት ካንሰር በአብዛኛው ደንታም አይሰጠው። ለማን ሊሠራ እንደሚችል የሚጠቁመው ከእባጩ በሚወሰድ ናሙና ላይ የሚደረግ ልዩ ምርመራ ነው፤ ያለ እሱ መድኃኒቱን መጀመር ብዙ ጊዜ በጨለማ እንደመተኮስ ነው። ልጓሙ የተፈታለት መከላከያ ደግሞ ሳንባን፣ አንጀትን፣ ጉበትን ወይም የእንቅርት ዕጢን ሊያቆስል ይችላል። ጉዳቱ ሕክምናው ከተቋረጠ ከወራት በኋላም ሊከሰት ስለሚችል፣ ኢሚውኖቴራፒ የወሰደ ሰው በተቅማጥ ወይም በትንፋሽ ማጠር ወደ የትኛውም ጤና ተቋም ሲሄድ ይህንኑ አስቀድሞ መናገር አለበት።

ከዚያ ዋጋው ይመጣል። ፔምብሮሊዙማብ እ.አ.አ በ2014 ለአሜሪካ ገበያ ሲቀርብ የአንድ ዓመት ወጪው ወደ 150 ሺህ ዶላር ይጠጋ ነበር። የታማሚውን ቲ ሴል ከሰውነት አውጥቶ፣ ካንሰሩን እንዲለይ በቤተ ሙከራ አሠልጥኖ የሚመልሰው ካር-ቲ የተባለው ሌላው ዓይነት በ2017 ሲፈቀድ 475 ሺህ ዶላር ተተመነለት። የዓለም ጤና ድርጅት ፔምብሮሊዙማብን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ በ2019 ለሜላኖማ፣ በ2025 ደግሞ ለተዛመተ የማኅፀን በር ካንሰር ጭምር አስፍሮታል። ዝርዝር ላይ መስፈር ግን መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ መገኘት አይደለም።

ቤት ሸጦ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚያስብ ቤተሰብ ስለዚህ አስቀድሞ ሐኪሙን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። የካንሰሩ ዓይነትና ደረጃ ምንድን ነው? ናሙናው ተመርምሮ ለዚህ መድኃኒት ሊመልስ እንደሚችል ታይቷል? በቀዶ ሕክምና፣ በኬሞቴራፒ ወይም በጨረር የሚደረገው ተሟጧል? በጊዜ የተደረሰበት የጡት ወይም የማኅፀን በር ካንሰር ብዙ ጊዜ በእነዚሁ በነባሮቹ ሕክምናዎች ይድናል።

የማኅፀን በር ካንሰርን በተመለከተ፣ የሰውነትን መከላከያ አስቀድሞ የሚያነቃ ርካሽ መንገድም አለ። ኤችፒቪ ለተባለው፣ ይህን ካንሰር ለሚያመጣው ቫይረስ የሚሰጠው ክትባት በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.አ.አ በ2018 ሲሆን፣ በመጀመሪያ የተሰጠውም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር።