ያልተሸነፈውና ያልተጋበዘው ቡድን፤ የሳንፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ የ1951 የውድድር ወራት

በአሜሪካ ኮሌጆች «እግር ኳስ» የሚባለው ጨዋታ እኛ ከምናውቀው የተለየ መሆኑን አስቀድሞ መግለጽ ያስፈልጋል። ስሙ የእግር ይሁን እንጂ ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይወረወራል፣ ታቅፈውም ይሮጡበታል። ከየወገኑ 11 ሰዎች ይሰለፋሉ። ኳሱን የያዘው ወገን በ4 ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ይህ ካልሆነለት ኳሱ ለባላጋራው ይሆናል። ኳሱን ከተጋጣሚው መጨረሻ መስመር ያደረሰ 6 ነጥብ ያገኛል። የቀረው ደንብ ብዙ ስለሆነ እዚህ አንዘረዝረውም።

ለጉዳያችን የሚያስፈልገው የውድድሩ አሠራር ነው። ኮሌጆቹ ከመስከረም እስከ ኅዳር በየሳምንቱ ይጋጠማሉ። በ1951 (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ግን አሸናፊውን የሚለይ የጥሎ ማለፍ ውድድር አልነበረም። በዚህ ፈንታ በአዲስ ዓመት ሰሞን «ቦውል» የሚባሉ ታላላቅ ግጥሚያዎች ይደረጉ ነበር። ወደ አብዛኞቹ የሚገባው በመብት ሳይሆን በግብዣ ነበር፤ ጋባዦቹም የየከተማው ኮሚቴዎች ናቸው። ግብዣው ክብር ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ያስገኝ ነበር። እንግዲህ አንድ ቡድን በሜዳ ላይ ሁሉን አሸንፎ በኮሚቴ ፊት ሊወድቅ ይችል ነበር ማለት ነው።

የሳንፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ የኢየሱሳውያን ማኅበር ትምህርት ቤት ነው፤ (የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲከፈት ያስተዳድሩት የነበሩት ካናዳውያንም የዚሁ ማኅበር አባሎች ነበሩ)። በአሠልጣኙ በጆ ኩሃሪች የተመራው ቡድን በ1951 ዘጠኝ ጊዜ ተጋጥሞ ዘጠኙንም አሸነፈ። ኒው ዮርክ ድረስ ሄዶ ፎርድሃምን 32 ለ 26 ሲረታ ኦሊ ማትሰን ሁለት ጊዜ የመክፈቻውን ምት ተቀብሎ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሮጦበታል። ማትሰን በዚያ ዓመት 1,566 ያርድ ሮጦ ከአገሪቱ ኮሌጆች ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ ሆነ። በመጨረሻው ግጥሚያ የሎስ አንጀለሱ ሎዮላ 20 ለ 2 ተሸነፈ።

ማትሰንና ጓደኛው በርል ቶለር ጥቁሮች ነበሩ። ተጫዋቾቹ በኋላ እንደ ተናገሩት፣ ሁለቱን ትተው ቢመጡ ከደቡብ ግብዣ እንደሚደርሳቸው ተነገራቸው፤ እነሱም ያለ ሁለቱ አንሄድም አሉ። ግብዣው ቀረ።

በሌላ በኩል ይሰጥ የነበረው ምክንያት የተጋጣሚዎቹ ደካማነት ነው። ይህ ፈጽሞ መሠረት የለውም ለማለት አይቻልም፤ ከተጋጣሚዎቹ መካከል የባሕር ኃይልና የማሪን ጦር ሰፈር ቡድኖች ነበሩበትና። ነገር ግን በጥር 1952 በማያሚው ኦሬንጅ ቦውል የተጋጠሙት ጆርጂያ ቴክና ቤይለር ሁለቱም በዚያን ጊዜ ጥቁር ተማሪ የማይቀበሉ የደቡብ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። በደቡብ ሁሉ በሩ ዝግ ነበር ማለት ግን ስሕተት ነው፤ በ1948 በዳላስ ከተማ የፔን ስቴት ጥቁር ተጫዋቾች በኮተን ቦውል ተሰልፈዋል። በ1956 ደግሞ የፒትስበርግ ቡድን ከቦቢ ግሪየር ጋር ኒው ኦርሊንስ ሲመጣ የጆርጂያው አገረ ገዥ ጆርጂያ ቴክ እንዳይጫወት ለማገድ ሞክሮ አልተሳካለትም። እንደ እኔ አስተያየት የተጋጣሚዎቹ ደካማነት ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ግብዣው መቅረቱ ዋጋ ነበረው። የኳሱ ወጪ ከገቢው በልጦ ስለ ነበር ዩኒቨርሲቲው ከዚያው ወራት በኋላ ቡድኑን ዘጋ። ካሸነፉ በኋላ የተበተኑት ተጫዋቾች ግን ትንሽ ሰዎች አልነበሩም፤ ማትሰን፣ ጂኖ ማርኬቲና ቦብ ሴንት ክሌር በኋላ በባለሙያዎቹ የክብር አዳራሽ ተመዝግበዋል። የቡድኑን ወሬ ለጋዜጦች ያቀርብ የነበረው ወጣቱ ፒት ሮዜል በ1960 የባለሙያዎቹ ሊግ ኃላፊ ሆነ። ማትሰን በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በ400 ሜትር ነሐስ፣ በዱላ ቅብብል ብር አገኘ።

ቶለር ግን በዚያው ዓመት ጉልበቱን ተጎድቶ መጫወት ተወ። በሳንፍራንሲስኮ መምህር ሆነ፤ በ1965 ደግሞ በባለሙያዎቹ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆኖ ገባ። በ2017 ዩኒቨርሲቲው አንዱን የተማሪዎች መኖሪያ ሕንፃ በስሙ ሰይሞታል።